የሥራው ባለቤትና የመንገዱ ባለቤት

ስለ ኪነ ጥበብ ሰው ነፃነት ክርክር በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የሚያተኩረው በሥራው መነሻ ላይ ነው። ደራሲው የልቡን ጽፏልን? ሠዓሊው ያየውን ሥሏልን? የፊልም አዘጋጁስ ያመነበትን ተናግሯልን? ይባላል። ሥራው ካለቀ በኋላ በየትኛው መንገድ፣ በማን ፈቃድ፣ ምንስ ዋጋ ተከፍሎበት ለሕዝብ እንደሚደርስ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ገጣሚ ግጥሙን በቃሉ ይዞ በሕዝብ መካከል ሊቆም ይችላል። አዝማሪም ማሲንቆውን አንግቦ ከደጅ ደጅ ይደርሳል። ፊልም ግን ለመሠራት ገንዘብ፣ መሣሪያና የብዙ ሰዎች ጉልበት ይሻል፤ ከተሠራም በኋላ አዳራሽና አከፋፋይ ካላገኘ በቆርቆሮ ዕቃው ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ይቀራል። እንግዲህ ሐሳቡን በነፃነት የቀረጸ፣ ነገር ግን ማሳያ ሥፍራ የተነፈገ የፊልም ባለሙያ ነፃ ነው ይባላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመፈለግ አስቀድሞ ስለ መንገድና ስለ መንገዱ ባለቤት ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል።

ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር የምትገኘው ገጠራማዋ ጀልዴሳ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በዘይላና በሐረር መካከል የሚመላለስ የሲራራ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቃት ሥፍራ ነበረች። ከባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅና ሌላም ሸቀጥ ተሸክመው ቆላውን ያቋረጡ ግመሎች ጭነታቸውን የሚያራግፉት በዚያ ነበር፤ ወደ ሐረር ደጋ ለሚወስደው አቀበት ዕቃው ለበቅሎና ለአህያ ይተላለፋል። ከላይ የሚወርደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስም በዚያው በር ያልፋል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1875 ሐረርን የያዘው የግብፅ ጦር ከባሕር ዳር የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ምኒልክ በ1887 ሐረርን ከያዙ በኋላም የጀልዴሳ ኬላነት አልቀረም። ነጋዴው ስንት ቀን በረሃ ለበረሃ ተጉዞ ከዚያ ሲደርስ አንድ ነገር ይረዳ ነበር፤ ጭነቱ የራሱ ነው፣ መንገዱ ግን የራሱ አይደለም። ቀረጥ ሳይከፍል፣ ከባለ አጋሰሱ ጋር በዋጋ ሳይስማማ ዕቃው ንቅንቅ አይልም።

ከዚያም የምድር ባቡር መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ትቶ በግርጌው አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ዛሬ ድሬዳዋ ከተባለችው ሥፍራ ደረሰ። ከተማዋም በሐዲዱ ዳር ተቆረቆረች። የሲራራው መንገድ ቀዘቀዘ፤ ጀልዴሳም ከነጋዴው አፍ ወጣች። ይህ የደረሰባት ነዋሪዎቿ ስላጠፉ ወይም ስለ ሰነፉ አልነበረም። መንገድ የሚቀይሱት ሰዎች በሌላ በኩል ስለ ቀየሱት ብቻ ነው። ስለዚህ ጀልዴሳ ሁለት ነገር ታስተምራለች። አንደኛው፣ የዕቃ ባለቤት መሆን የመንገድ ባለቤት መሆን እንዳልሆነ ነው። ሁለተኛው፣ መንገድ የሚቀይስ ኃይል የትኛው ሥፍራ እንዲታወቅ፣ የትኛው እንዲረሳ ጭምር እንደሚወስን ነው።

የፊልም ዓለምም የራሱ ኬላዎችና የራሱ ሐዲዶች አሉት። ታላላቅ ኩባንያዎች ገንዘቡን፣ ማከፋፈያውንና አዳራሹን በአንድ እጅ በያዙበት ሥርዓት ውስጥ፣ ከእነርሱ ውጭ ሆኖ ፊልም የሚሠራ ሰው «ገለልተኛ» ወይም «ነፃ» አዘጋጅ ይባላል። የዚህ ዓይነቱን ኑሮ ትርጉም ለመመርመር ከፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የሥራ ዘመን የተሻለ ኢትዮጵያዊ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። እናታቸው መምህርት፣ አባታቸው ደግሞ ተውኔት እየጻፉ በየአገሩ እየተዘዋወሩ ለሕዝብ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። በአባታቸው ሥራ ተውኔቱ ወደ ተመልካቹ ይሄዳል እንጂ ተመልካቹ ተውኔቱን ፍለጋ አይንከራተትም። ይህ አሠራር ልጁ በኋላ ለተከተሉት መንገድ መሠረት እንደ ሆነ ማሰብ ይቻላል። ነገር ግን በልጅነታቸው ጎንደር ሲኒማ ቤት ያዩአቸው ፊልሞች ከሩቅ አገር የመጡ ነበሩ። ኃይሌ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው የታርዛንን ፊልም ሲያዩ የሚያጨበጭቡት ለታርዛን ነበር። በጎንደር ተራሮችም የአሜሪካንን ነባር ሕዝቦች የሚያሳድዱትን ፈረሰኞች እየመሰሉ ይጫወቱ ነበር። የመንገዱ ባለቤት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ ይገባል። አፍሪካዊ ሕፃን በአፍሪካ ምድር ተቀምጦ አፍሪካዊን ለሚያሸንፈው ያጨበጭባል። ማንም አላስገደደውም፤ የገዛ ዓይኑን ተበድሮ እንዲያይ ያደረገው በዚያ መንገድ ሌላ ምስል አለመምጣቱ ነው።

ኃይሌ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በመጀመሪያ በቺካጎ የተውኔት ጥበብ ተማሩ፤ ቀጥሎም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠኑ። በዚያም የላቲን አሜሪካን ፊልሞች ከማየታቸውም በላይ፣ እንደ ቻርልስ በርኔት ካሉ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ጋር ተገናኙ። እነዚህ ወጣቶች በሆሊውድ ደጃፍ ተቀምጠው የሆሊውድን አቀራረብ አንቀበልም ያሉ ነበሩ። ኃይሌ በዚያ ዘመን ከሠሩአቸው አንዱ «ቡሽ ማማ» በድህነት ሠፈር የምትኖር የአንዲት እናትን ሕይወት ያሳያል። በፊልሙ መግቢያ ላይ ፖሊሶች ጥቁር የሆኑትን የቀረጻ ባልደረቦች አቁመው ሲፈትሹ ይታያል፤ ይህ ትእይንት የተጠና አልነበረም፣ በእውነት የደረሰ ነው። ካሜራ የያዘ ጥቁር ሰው በዚያ ከተማ መንገድ ላይ እንደ ተጠርጣሪ ይታይ ነበርና፣ ኬላው ገና ከቀረጻው ላይ ጀምሯል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 የዘውዱ ሥርዓት በሚናጋበት ጊዜ ኃይሌ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። በጥቁርና ነጭ የተሠራው ይህ የአማርኛ ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ይረዝማል። የባላባትን መሬት የሚያርስ አንድ ቤተ ሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ሲለፋ፣ ባላባቱም ከደጁ ተቀምጦ ሲያዝዝ ያሳያል። መሬቱን የተነጠቀውና ሰዎች እንደ እብድ የሚያዩት ከበበ ብቻ ነው የሚታየውን ግፍ በስሙ የሚጠራው፤ በመጨረሻም ባላባቱን ይገድላል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ ግን ከአዋጁ ቀድሞ ተቀርጾ ነበር። የፊልሙ ዝግታ አንዳንድ ተመልካች ያሰለቻል። ሆኖም የገበሬው ቀን ራሱ ረጅም ነው፤ ያን ቀን በችኮላ ማሳየት ድካሙን መቀነስ ይሆን ነበር። ለገበያ የሚሠራ አዘጋጅ ይህን ዝግታ የሚፈቅድለት ነጋዴ አያገኝም። እዚህ ላይ ነፃነት ማለት ለአንድ አራሽ የሚገባውን ጊዜ የመስጠት ሥልጣን ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ነፃነት ከአየር የመጣ አይደለም። ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዋሺንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምረዋል። የዕለት እንጀራቸው ከመምህርነት በመገኘቱ ፊልማቸውን እንጀራ እንዲያበላ አላስገደዱትም። ብዙ ጊዜ የማይነገረው እውነት ይህ ነው፤ ነፃ አዘጋጅ የተባለ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የተደገፈበት ምሰሶ አለው። ምሰሶው ምን እንደ ሆነ፣ በምላሹስ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ የሞራል ጥያቄው መጀመሪያ ነው።

ፈተናው ጎልቶ የታየው በ«ሳንኮፋ» ላይ ነበር። ቃሉ የጋና አካን ሕዝብ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የተረሳውን ማንሣት ማለት ነው። አንዲት የዘመኑ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት፣ ባሪያዎች ወደ መርከብ ይጫኑበት በነበረ የጋና ባሕር ዳር ምሽግ ውስጥ ሳለች ወደ ባርነት ዘመን ትወሰዳለች። በፊልሙ ባሪያው ተጨቋኝ ብቻ አይደለም፤ ያምፃል፣ ይመክራል፣ ይከዳል፣ ይፀፀታል። ለፊልሙ ገንዘብ ለማሰባሰብ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን የፊልም በዓል ለውድድር ቀረበ። ሆኖም አንድም የአሜሪካን አከፋፋይ ሊቀበለው አልፈቀደም። ጭነቱ በረሃውን አቋርጦ ከኬላው በር ላይ ቆመ።

ኃይሌና የሥራም የትዳርም ጓደኛቸው ሺሪኪያና አይና በዚህ ጊዜ የወሰዱት እርምጃ ለኪነ ጥበብ ሰዎች ሁሉ ትምህርት ነው። የአከፋፋዮቹን በር ደጋግሞ በማንኳኳት ፈንታ ሲኒማ ቤት በገዛ ገንዘባቸው ተከራዩ። የዋሺንግተን ጥቁር ነዋሪዎች ወሬውን እርስ በርስ ተቀባበሉ፤ ማኅበራትና ቤተ ክርስቲያናት ሰው አስከተሉ። ሰልፉም ረዘመ። ከዚያ ከከተማ ወደ ከተማ፣ በየከተማው ያሉትን ሰዎች እያስተባበሩ ፊልሙን አዞሩት። በ1990ዎቹም ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የተጠራ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። የጎንደሩ ተውኔት ጸሐፊ ልጅ፣ አባታቸው በአገር ቤት ያደርጉ የነበረውን በሌላ ምድር አደረጉት። መንገድ የነፈጋቸውን ኬላ ጥለው በሕዝቡ መካከል የራሳቸውን መንገድ ጠረጉ።

በዚህ አካሄድ ላይ ግን ቀላል የማይባል ተቃውሞ ይቀርባል። ለአንድ ፊልም ዘጠኝ ዓመት፣ ለሌላው ደግሞ አሥራ አራት ዓመት የሚያጠፋ ሰው፣ በጥቂት ስምምነት ሊሠራቸው ይችል የነበሩትን ብዙ ሥራዎች ሕዝቡን አልነፈገውምን? ግትርነትስ ከክብር በምን ይለያል? ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ በሌላ ምሳሌ መመዘን ይኖርበታል።

ለዚህ የሕንድ ሁለት ሰዎች ይረዳሉ። የሕንድ ነጋዴ ለሐረርና ለድሬዳዋ ገበያ እንግዳ አልነበረም፤ የሕንድ ፊልምም በኢትዮጵያ ሲኒማ ቤቶች ብዙ ወዳጅ ያፈራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በቦምቤይ የተወለዱት ኢስማኤል መርቸንት አሜሪካ ተምረው፣ በ1961 ከጄምስ አይቮሪ ጋር ነፃ የፊልም ድርጅት መሠረቱ። የመጀመሪያ የልብ ወለድ ፊልማቸውን በሕንድ ሠርተው ሲጨርሱ፣ አንድ ታላቅ የሆሊውድ ኩባንያ በሕንድ ሕግ ከአገር ሊያወጣው ባልቻለው የሩፒ ገንዘቡ ገዛቸው። መርቸንት ከኩባንያዎቹ ጋር አልተኳረፉም። በጥቂት ገንዘብ እየሠሩ፣ እየተከራከሩ፣ እያግባቡ፣ ለሠራተኞቻቸው የገዛ እጃቸውን ወጥ እያበሉ፣ እስከ ዕረፍተ ሞታቸው እስከ 2005 ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ሠሩ። በሌሎች ኬላ ማለፍን የመረጡ ብልህ ነጋዴ ነበሩ ማለት ይቻላል። ይህም ሰው ቢሆኑ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ራሳቸው ዳይሬክተር ሆነው «ሙሓፊዝ» የተባለውን ፊልም ሲሠሩ፣ ታሪኩ እየተረሳ ስለሚሄደው የኡርዱ ቋንቋ፣ ስለ አንድ ያረጀ ገጣሚና ቃሉን በቴፕ ቀርጾ ለማዳን ስለሚደክም አንድ ምስኪን መምህር ነበር። ለትርፍ የተመረጠ ርእስ አይመስልም። ስለዚህ ከኩባንያ ጋር መዋዋል በራሱ ክህደት አይደለም። የሚያስጠይቀው ውሉ ምን ዝም እንዲባል ያዝዛል የሚለው ነው።

ሁለተኛው ሳትያጂት ሬይ ናቸው። ሬይ በማስታወቂያ ድርጅት ሠዓሊነት እየሠሩ፣ በ1952 «ፓተር ፓንቻሊ»ን መቅረጽ ጀመሩ። ገንዘብ ሲያልቅባቸው የሕይወት መድን ውላቸውንና የባለቤታቸውን ጌጣጌጥ እስከ ማስያዝ ደረሱ። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ደረሰላቸው። የፊልሙ ስም የመንገድ ዜማ ማለት በመሆኑ፣ ገንዘቡ በመዝገብ የተያዘው በመንገድ ማሻሻያ ሥራ ስም ነበር። ሹማምንቱ ፊልሙ በልማት ተስፋ እንዲደመደም ቢሹም ሬይ አልተቀበሉም፤ ቤተ ሰቡ ድህነት ካፈረሰው ቤቱ ተሰዶ በጋሪ ሲሄድ ፊልሙ ያበቃል። በ1955 ሲወጣ የሕንድን ፊልም በዓለም ፊት አስከበረ። መንግሥትም ቢሆን መንገድ ሊጠርግ እንደሚችል፣ ነገር ግን መንገድ የጠረገ ሁሉ የጉዞውን መድረሻ ለመወሰን እንደሚፈተን ይህ ታሪክ ይመሰክራል። ይህ ፈተና በተለይ የባህል ሥራን በኃላፊነት ለሚመሩ ካድሬዎች የተጻፈ ያህል ነው። የዚያ መንግሥት ክብር ገንዘቡን መስጠቱ ብቻ አልነበረም፤ ያልወደደውን ፍጻሜ ሳይቆርጥ ማሳለፉም ነው።

እነዚህ ሦስት ሰዎች ሲነጻጸሩ፣ ነፃነት ከማንም ያለ መበደር ነው የሚለው አስተያየት ይወድቃል። አንዱ ለኩባንያ፣ አንዱ ለመንግሥት፣ አንዱ ለተመልካቹና ለመምህርነት ደመወዙ ባለ ዕዳ ነበሩ። ዕዳ የሌለበት ፊልም የለም። ልዩነቱ ያለው ባለ ዕዳው አበዳሪውን በመምረጡና ዕዳውን በምን እንደሚከፍል በመወሰኑ ላይ ነው። ገንዘብን በገንዘብ፣ ጉልበትንም በጉልበት መመለስ ይቻላል። በእውነት የሚከፈል ዕዳ ግን ከቶ ሊገባበት የማይገባ ነው፤ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደ ተባለው፣ በእጅ ያለች እውነት ርካሽ ትመስላለችና በቀላሉ ትሸጣለች።

የኃይሌ ገሪማ ግትርነትም በዚህ ሚዛን ሲታይ ትርጉሙ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ጤዛ» አሥራ አራት ዓመት ከፈጀ ድካም በኋላ፣ በኢትዮጵያና በጀርመን የተቀረጸ፣ የጀርመን አጋር አዘጋጆችም የተሳተፉበት ነው። እንግዲህ ኃይሌም ቢሆኑ ውል አልጠሉም። በፊልሙ በጀርመን የተማረው አንበርብር አገሩን ሊያገለግል ተመልሶ፣ አብዮቱን በፈጸሙት ሰዎች እጅ የአብዮቱ ልጆች ሲጠፉ ያያል። በጀርመንም ዘረኞች አካለ ስንኩል ያደርጉታል። ፊልሙ አውሮፓን ለማስደሰት አገሩን አላዋረደም፤ አገሩን ለማስደሰትም ጭካኔውን አልሸፈነም። በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በሚቀጥለው ዓመት በዋጋዱጉ የአፍሪካ የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አገኘ። የዘገየው ሥራ ጥቂት ነው ቢባልም፣ እነዚያ ዓመታት የተከፈሉት እንዲህ ያለውን ባለ ሁለት ስለት እውነት ሳይቆርሱ ለማቅረብ ነበር። ጊዜ ውድ ዕዳ ነው፤ ከእውነት ግን ይረክሳል።

ሐዲዱ ደግሞ ዳግም እየተቀየሰ ነው። የጀልዴሳን ሲራራ ያስቀረው አሮጌው የባቡር መስመር ራሱ በተራው ቆሞ፣ ከ2018 ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ተተክቷል። በፊልሙም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። አከፋፋይ ያጣው «ሳንኮፋ» በ2021 ታድሶ፣ በአቫ ዱቨርኔ ድርጅት አማካይነት በኔትፍሊክስ ለዓለም ታየ። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ የተከፈተው የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም ኃይሌን ሸለመ። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት የተዘጋ በር ተከፈተ ማለት ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ሊያዘናጋ አይገባም። አዲሱም መንገድ ባለቤት አለው፤ ማንን እንደሚጭን፣ ማንን ከጣቢያ እንደሚያስቀር የሚወስነው እርሱ ነው። በሩ ለ«ሳንኮፋ» ሊከፈት የቻለው፣ ተከልክሎ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ በገዛ እጁ ተቀብሎ በሕይወት ስላቆየው ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ በፊልም ባለሙያው ጫንቃ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። የኪነ ጥበብ ሰው ሥራውን ሲጀምር ስለ ካሜራው የሚጨነቀውን ያህል፣ ሥራው በየትኛው በር ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል፤ ለተመልካች ሳይደርስ የቀረ እውነት የጓዳ እውነት ነውና። መምህሩ የመማሪያ ክፍሉን ግድግዳ ለአንድ ማታ ማሳያ ቢያደርገው፣ ከአንድ ትልቅ ሲኒማ ቤት ያላነሰ በር ይከፍታል። ልጆች የገዛ ዓይናቸውን ሳይበደሩ እንዲያዩ የሚያስተምር ቀዳሚ ሰው እርሱ ነው። የባህል ሥራ ኃላፊው ደግሞ የኬላ ጠባቂነትን ፈተና አውቆ መንገድ ጠራጊ መሆንን ሊመርጥ ይገባል፤ አዳራሹን መክፈት፣ ማሳያውን ከከተማ አልፎ እስከ ገጠር ማድረስ፣ ፍጻሜውን ግን ለሠሪውና ለተመልካቹ መተው።

በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚያድግ ልጅ ዛሬ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሩቅ አገር ጀግና ሲዋጋ ሊያይ ይችላል። የሲራራ ግመሎች በአያቶቹ ደጅ ያራግፉ እንደ ነበር የሚያሳይ ፊልም ግን ማየቱ ያጠራጥራል። ያ ልጅ ለማን እንደሚያጨበጭብ የሚወሰነው፣ በዚያ መንገድ የሚመጣውን ምስል ማን እንደ ላከውና ከልጁ መንደር የሚወጣው ምስል በምን መንገድ እንደሚሄድ ነው። የሥራው ባለቤት የመንገዱም ባለቤት ለመሆን ብቻውን አይችልም፤ ከሕዝብ ጋር ሆኖ ግን እንደሚችል በአንድ ኪራይ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ የተሰለፈው ሰው አስመስክሯል።